ጠመንጃን ሳይጎዱ መያዝ፦ በአዋሽ ሰባት ኪሎ ብየዳ ቤቶች አቅም ሊሠራ የሚችል የጥገና ሞርሳ ንድፍ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጥናት ጠመንጃ በሚጸዳበትና በሚጠገንበት ጊዜ በጠረጴዛ ላይ አጽንቶ የሚይዝ ሞርሳ በአካባቢ ከሚገኝ ብረትና እንጨት እንዴት ሊነደፍ እንደሚችል ይመረምራል። ዋና ክርክሩ ይህ ነው፤ ለብረት ሥራ የተሠራ ሞርሳ ዋጋው የሚለካው በሚሰጠው የጭምቀት ኃይል ሲሆን፣ ለጠመንጃ የሚሠራ ሞርሳ ግን ኃይሉ ከላይም ከታችም ገደብ ሊኖረው ይገባል። ጥናቱ ሁለቱን ገደቦች በቀላል የሜካኒክስ ስሌት ያሰላል፤ ከዚያም እጀታው፣ መንጋጋው፣ መምሪያ ዘንጎቹና መሠረቱ ምን ያህል ቢሆኑ በገደቦቹ መካከል እንደሚያርፉ ያሳያል። የቀረቡት ውጤቶች የንድፍ ስሌቶች ናቸው፤ በመጨረሻም ናሙናው የሚፈተሽበት መንገድ ተጠቁሟል።

1. መግቢያ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባቡር ጋር ያደገች ከተማ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ የአዋሽን ወንዝ ገደል የሚሻገረው በዚህችው ከተማ አጠገብ ነው። ዛሬም ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጭነት መኪናዎችን ስለሚያመላልስባት በመንገድ ዳር ያሉ ጋራዦችና ብየዳ ቤቶች ሥራ አያጡም። እነዚህ ቤቶች ያረጀ ባሌስትራ፣ ቁርጥራጭ ቱቦላሬ፣ አንጎላሬና ትልልቅ ቡሎኖች በቀላሉ ያገኛሉ። የሙያው ቋንቋም የራሱን ታሪክ ይናገራል፤ ሞርሳ፣ ቪቴ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ባሌስትራ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ሆነው የአማርኛ ተናጋሪው ባለሙያ የዕለት ተዕለት ቃላት ሆነዋል።

ጠመንጃም በአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሳላንና ሌሎች የዱር እንስሳትን የሚጠብቁ ስካውቶች አሉት፤ ስካውቶቹም በሥራ ላይ ጠመንጃ ይይዛሉ። በአርብቶ አደሩ ማኅበረሰብ ዘንድም መሣሪያ መያዝ ከመንጋ ጥበቃና ከክብር ጋር የተያያዘ የቆየ ልማድ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን በየቤተሰቡና በየቤተ መዘክሩ የሚገኙ ስናድር፣ ውጅግራና ምንሽር የተባሉ የዓድዋ ዘመን ጠመንጃዎች አሉ፤ እነዚህ ከመሣሪያነታቸው ይልቅ ቅርስነታቸው የሚያመዝን ነው። ዘመናዊውም ሆነ ጥንታዊው ግን አንድ የጋራ ፍላጎት አለው፤ በደረቅና አቧራማ አየር ውስጥ መጽዳት አለበት፤ ሲጸዳም መያዝ አለበት።

የአያያዙ ጉዳይ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ ቢሆንም ውጤቱ ቀላል አይደለም። ጠመንጃ በጉልበት ላይ ተይዞ ሲጸዳ አፈሙዙ ወዴት እንደሚያመለክት መቆጣጠር ያስቸግራል። መወልወያው ዘንግም ሳይቃና ስለሚገባ የአፈሙዙን ጫፍ ይፍቃል፤ የዚህ ጫፍ መበላት ደግሞ ጥይቱ ሲወጣ አቅጣጫውን እንዲስት ያደርጋል። በሌላ በኩል ጠመንጃው በተራ የብረት ሞርሳ ሲታሰር ሰደፉ ይሰነጠቃል ወይም የብረት አካሉ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ባለሙያው ከሁለት ጉዳቶች አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል። የዚህ ጥናት ዓላማ ሦስተኛ አማራጭ ማቅረብ ነው።

2. የጥናቱ ወሰን

የሚነደፈው ዕቃ ለጽዳት፣ ለቅባት፣ የሰደፍ ቪቴዎችን ለመፍታትና ለማጥበቅ፣ እንዲሁም ለቅርስ እንክብካቤ ብቻ የታሰበ ነው። ለተኩስ ሙከራ ወይም የጠመንጃን ቱቦ ከአካሉ ለመንቀል አይሆንም፤ እነዚህ ሥራዎች እዚህ ከተሰላው እጅግ የሚበልጥ ኃይል የሚያስከትሉ ናቸው። በሕግ ረገድም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ሥር ያደረገ በመሆኑ፣ ሞርሳው የሚያገለግለው ፈቃድ ላላቸው ተቋማትና ባለፈቃዶች ነው ተብሎ ይታሰባል። ግጭት በሚያውቀው አካባቢ ስለ ጠመንጃ ጥገና መጻፍ ተገቢ ነውን የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በውይይቱ ክፍል እንመለስበታለን።

3. የንድፍ መመዘኛዎች

ንድፉ አምስት መመዘኛዎችን እንዲያሟላ ተደርጓል።

አንደኛ፣ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ጠመንጃዎች መቀበል አለበት። ኤኬኤም የተባለው ክላሽንኮቭ 880 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመትና 3.1 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ሲኖረው፣ ውጅግራ 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመትና ከ4 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ክብደት አለው። ስለዚህ የፊት ድጋፉ ከኋላ መንጋጋው ከ350 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ድረስ እየተንሸራተተ መቆም ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ ደካማውን ክፍል መንካት የለበትም። የኤኬኤም አካል 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ ተጨፍልቆ የሚሠራ ሣጥን ነው። እንዲህ ያለ ሣጥን ከጎንና ከጎን ሲጨመቅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ትንሽ መጉበጥም ተንቀሳቃሹን ክፍል ያስይዛል። በመሆኑም መጨመቅ የሚፈቀደው ሰደፉን ብቻ ነው፤ የፊቱ ክፍል በሹካ መሰል ድጋፍ ላይ ያርፋል እንጂ አይታሰርም።

ሦስተኛ፣ የዘንጉን ግፊት በሁለቱም አቅጣጫ መቋቋም አለበት። ክላሽንኮቭ የሚጸዳው ዘንጉ ከአፈሙዙ ገብቶ ነው፤ ስለዚህ ግፊቱ ወደ ሰደፉ ይሄዳል። መዝጊያቸው የሚወጣ የቆዩ ጠመንጃዎች ደግሞ ከኋላ ስለሚጸዱ ግፊቱ ወደ አፈሙዙ ይሆናል።

አራተኛ፣ ከዘይትና ከሙቀት ጋር መስማማት አለበት። አምስተኛ፣ ብየዳ፣ ትራፓኖና ሞረድ ባለው ማንኛውም ቤት ያለ ቶርኖ መሠራት አለበት።

4. የጭምቀቱ ዝቅተኛ ገደብ

በጽዳት ጊዜ በዘንጉ ላይ የሚያርፈው የእጅ ግፊት እስከ 100 ኒውተን ይደርሳል ብለን እንነሣ፤ ይህም 10 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ዕቃ ከማንሣት ጋር የሚመጣጠን ነው። ሰደፉ በሁለት ወገን ስለሚጨመቅ የሚይዘው ሰበቃም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ጠመንጃው እንዳይንሸራተት ለጥንቃቄ የግፊቱን እጥፍ እንውሰድ። እንግዲህ፦

የሚያስፈልገው ጭምቀት = (100 × 2) ÷ (2 × የሰበቃ መጠን)

መንጋጋው ቆዳ ከለበሰና ቆዳው ደረቅ ከሆነ የሰበቃውን መጠን 0.3 ብሎ መገመት ይቻላል፤ ውጤቱም 333 ኒውተን ነው። ቆዳው ዘይት ከጠጣና የሰበቃው መጠን ወደ 0.15 ከወረደ ግን የሚያስፈልገው ጭምቀት 667 ኒውተን ይሆናል። የጽዳት ቦታ ዘይት የማይጠፋበት ስለሆነ ንድፉ መመሥረት ያለበት በሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው።

ግፊቱ ወደ ሰደፉ በሚሄድበት ጊዜ ሰበቃን መታመን አያስፈልግም። ከመንጋጋው በስተኋላ ቆዳ የለበሰ ቋሚ መግቻ ከተበየደ የሰደፉ ጫፍ በእርሱ ላይ ይደገፋል። ስለዚህ ለክላሽንኮቭ መንጋጋው ጠመንጃውን ከመገልበጥ ብቻ የሚጠብቅ ይሆናል፤ 667 ኒውተን የሚያስፈልገው ከኋላ ለሚጸዱት ነው።

5. የጭምቀቱ ከፍተኛ ገደብ

ሰደፍ ክብ ቅርጽ አለው። ክብ ነገር በጠፍጣፋ ብረት መንጋጋ መካከል ሲገባ የሚነካካው በቀጭን መስመር ነው። መንጋጋው 60 ሚሊ ሜትር ርዝመት ቢኖረውና የሚነካው መስመር 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ኃይሉ የሚያርፍበት ስፋት 300 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መደበኛ የብረት ሞርሳ ረጅም እጀታ ስላለው አንድ ሰው በ120 ሚሊ ሜትር ክንድ 150 ኒውተን ቢያሳርፍ 18 ኒውተን ሜትር ጥምዘት ይፈጥራል። ለተለመደ ጥርስ የሚሠራውን ግምታዊ ቀመር እንጠቀም፦

ጭምቀት = ጥምዘት ÷ (0.2 × የቡሎኑ ውፍረት)

ለ16 ሚሊ ሜትር ቡሎን ውጤቱ 5,600 ኒውተን ገደማ ነው። ይህ በ300 ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ሲከፋፈል 18.7 ሜጋ ፓስካል ግፊት ይሰጣል። ለሰደፍ የሚመረጠው የዋልነት እንጨት ክሮቹን አቋርጦ ሲጨመቅ የሚቋቋመው 7 ሜጋ ፓስካል ገደማ ብቻ ነው። የብረት ሞርሳ ሰደፍ ላይ ጠባሳ የሚተወው እንግዲህ በባለሙያው ግድየለሽነት ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ ከሚፈቀደው ከእጥፍ በላይ እንዲጨምቅ የተሠራ ስለሆነ ነው።

መፍትሔው ሁለት ወገን አለው፤ የሚነካውን ስፋት ማሳደግና ጥምዘቱን ማሳነስ። መንጋጋው በሰደፉ ቅርጽ በመጠኑ ተቦርቡሮ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ ቢለብስ የሚነካው መስመር ወደ 20 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል፤ ስፋቱም 1,200 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። እጀታው ደግሞ ረጅም ዘንግ መሆኑ ቀርቶ በመዳፍ ብቻ የሚጨበጥ 60 ሚሊ ሜትር ክብ እንጨት ቢሆን፣ እጅ በእርሱ ላይ ሊያሳርፍ የሚችለውን ጥምዘት 3 ኒውተን ሜትር ገደማ ብለን ልንወስድ እንችላለን። በዚህ ጊዜ ጭምቀቱ 940 ኒውተን፣ ግፊቱም 0.78 ሜጋ ፓስካል ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከእንጨቱ አቅም ዘጠኝ ጊዜ ያህል ያንሳል። ስለዚህ እጀታው አጭር የሆነው ብረት ለመቆጠብ አይደለም። ከልክ በላይ ማጥበቅን የሚከለክለው እርሱ ነው።

6. መምሪያ ዘንጎቹና የሚጠፋው ኃይል

ከቡሎኑ የሚወጣው 940 ኒውተን ሁሉ ሰደፉ ላይ አይደርስም። ሰደፉ የሚያዘው ከቡሎኑ በላይ ስለሆነ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ወደ ኋላ ለመጋደል ይሞክራል፤ በሁለቱ መምሪያ ዘንጎች ላይም ሰበቃ ይፈጠራል። ዘንጎቹ ከቡሎኑ ጋር በአንድ ከፍታ ከተቀመጡና የሰበቃው መጠን 0.2 ከሆነ፦

ሰደፉ ላይ የሚደርሰው ኃይል = የቡሎኑ ኃይል ÷ (1 + 0.4 × ከፍታ ÷ የመምሪያው ርዝመት)

እዚህ ላይ ከፍታ የሚባለው ከቡሎኑ መካከል እስከ ሰደፉ መካከል ያለው ርቀት ነው። ከፍታው 90፣ መምሪያው 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን የሚደርሰው 495 ኒውተን ነው፤ ይህ ለደረቅ ቆዳ ቢበቃም ዘይት ለጠጣው አይበቃም። ከፍታው ወደ 40 ዝቅ ብሎ መምሪያው ወደ 80 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ግን 783 ኒውተን ይደርሳል፤ ይህም ከ667 ይበልጣል። ሁለቱን ንድፎች የሚለያያቸው ቁራጭ ቧንቧ ብቻ ነው። በመንገድ ዳር ቤቶች የሚሠሩ መያዣዎች ብዙ ጊዜ «ይነክሳል እንጂ አይዝም» የሚባሉት ለምን እንደሆነ ይህ ቀመር በከፊል ያስረዳል፤ መንጋጋቸው ረጅም፣ መምሪያቸው አጭር ነው።

7. መሠረቱ

መሠረቱ 700 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 250 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የቱቦላሬ ክፈፍ ይሠራል። ዕቃው 9 ኪሎ ግራም፣ ጠመንጃው 3.5 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ጠቅላላ ክብደቱ 123 ኒውተን ገደማ ነው። ጠመንጃው ከጠረጴዛው 180 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይያዛል እንበል። 100 ኒውተን በርዝመቱ አቅጣጫ ሲገፋ የሚገለብጠው ጥምዘት 18፣ የሚቃወመው ደግሞ 43 ኒውተን ሜትር ስለሆነ ዕቃው አይገለበጥም። ወደ ጎን ሲገፋ ግን የሚቃወመው 15.4 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ ይገለበጣል። የመሠረቱ ሰበቃ 0.3 ቢሆን ደግሞ የሚይዘው 37 ኒውተን ስለሆነ ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል። ስለዚህ መሠረቱን በአራት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቡሎኖች ከጠረጴዛው ጋር ማሰር ለምርጫ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

8. የአካባቢ ጥሬ ዕቃ

ለመንጋጋው ጠንካራ፣ ነገር ግን ከብረት የለሰለሰ እንጨት ያስፈልጋል። በመካከለኛው አዋሽ ይህን የሚያሟላ እንጨት በገፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ አካባቢው የገባው ፕሮሶፒስ ዛሬ ግጦሹንና እርሻውን የወረረ ዛፍ ነው፤ በአፋርኛ ደርጊ ሓራ ይባላል። ለአርብቶ አደሩ ጠላት የሆነው ይህ ዛፍ እንጨቱ ከባድና ጠንካራ ነው፤ የዝርያው እንጨቶች ሲደርቁ የሚኮማተሩትም በጥቂቱ በመሆኑ ቅርጻቸውን ይጠብቃሉ። ግንዱ ብዙ ጊዜ ጠማማ ስለሆነ ለረጅም ጣውላ ባይመችም፣ ለ60 ሚሊ ሜትር መንጋጋ የሚበቃ ቀጥ ያለ ቁራጭ አይጠፋም። እንጨቱ ከመቦርቦሩ በፊት በጥላ ሥር ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ በፀሐይ ከደረቀ ይሰነጠቃል።

ለመንጋጋው ልባስ በመጀመሪያ የሚታሰበው የመኪና ውስጠኛ ጎማ ነው፤ ርካሽና የሚይዝ ነው። ይሁን እንጂ የማዕድን ዘይት ሲነካው ጎማው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከጊዜ በኋላም በሰደፉ ላይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ስለዚህ ከእንጨቱ ጋር የተሰፋ ወይም የተጣበቀ ወፍራም ቆዳ ይመረጣል። ቆዳም የራሱ ጉድለት አለው፤ እርጥበትና ጨው ስለሚይዝ ብረት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ዝገት ይጠራል። ስለዚህ ጠመንጃው ሥራው እንዳለቀ ከሞርሳው መውጣት አለበት፤ ሞርሳው ማስቀመጫ አይደለም። የሙቀቱ ጉዳይ ግን ከሚታሰበው ያነሰ ነው። በ100 ሚሊ ሜትር ብረት ላይ የ30 ዲግሪ ልዩነት የሚያመጣው መርዘም 0.04 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቆዳው በቀላሉ ይሸከመዋል።

9. የአጠቃቀም ቅደም ተከተል

ንድፉ ያለ አጠቃቀም ሥርዓት ሙሉ አይሆንም። ጠመንጃው ወደ ሞርሳው ከመቅረቡ በፊት ካዝናው ይወጣል፤ መዝጊያው ተከፍቶ የጥይት ማጉረሻው በዓይንም በጣትም ይፈተሻል። ጥይትና ካዝና ከሥራ ጠረጴዛው ርቀው ይቀመጣሉ። ሞርሳው የሚተከለው አፈሙዙ ሰው ወደማይተላለፍበት ግድግዳ እንዲያመለክት ሲሆን፣ ከፊቱ አሸዋ የተሞላ ሣጥን ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ፊቱ በሹካው ላይ ያርፋል፣ ሰደፉ መግቻውን ይነካል፣ መጨረሻ ላይ እጀታው ይጠብቃል። የሽጉጥ መሰል መያዣ ባለው ክላሽንኮቭ መንጋጋው ከመያዣው በስተኋላ መሆን አለበት። ሰደፉ የሚታጠፍ ብረት የሆነው ዓይነት በዚህ ሞርሳ አይታሰርም፤ መንጋጋው የሚይዘው እንጨት የለውምና።

10. ውይይት

ስሌቶቹ አንድ ላይ ሲታዩ የንድፉ ነጻነት ጠባብ መሆኑ ይገለጣል። ሰደፉ ላይ ሊደርስ የሚገባው ኃይል ከ667 ኒውተን በታች ሊሆን አይገባም፤ በእጅ የሚገኘው 783 ነው። ትርፉ 17 በመቶ ገደማ ስለሆነ የመምሪያ ዘንጎቹ መቆሸሽ ወይም የቡሎኑ ጥርስ መድረቅ ሊያጠፋው ይችላል። አቧራ በማይጠፋበት በአዋሽና ከዚያ ይልቅ በሚሞቀው በሰመራ ይህ የሩቅ ግምት አይደለም። እጀታውን በማርዘም መፍታት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የላይኛውን ገደብ ያፈርሰዋል። የተሻለው መንገድ ቡሎኑን በቅባት መጠበቅና ዘይት የጠጣውን ቆዳ በየጊዜው መቀየር ነው። ለቅርስ ጠመንጃዎች ደግሞ እንጨታቸው በዘመን ብዛት የደከመ ሊሆን ስለሚችል በመንጋጋው መታመን አይገባም፤ ሁለት ሹካና መግቻ ብቻ ተጠቅሞ በቀላል እጅ ማጽዳት ይመረጣል።

በወሰኑ ክፍል ወደተነሣው ጥያቄ ስንመለስ፣ መያዣ ጠመንጃን አያበዛም፣ ያልነበረውንም አይፈጥርም። የሚለውጠው ነገር ቢኖር ቀድሞውኑ ያለው መሣሪያ የሚጸዳበትን ሁኔታ ነው፤ ባዶነቱ ተፈትሾ፣ አፈሙዙ ወደ አሸዋ ዞሮ፣ ሰውየው ሁለት እጁ ነጻ ሆኖ። የፓርክ ስካውት መሣሪያውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ በተሰበሰቡ ባልደረቦቹ መካከል ከሚያጸዳ በተወሰነ ክፍል፣ በተተከለ ሞርሳ ላይ ቢያጸዳ የሚጠበቀው በመጀመሪያ የሰው ሕይወት ነው። ይህ ክርክር የሚጸናው ግን ሞርሳው በተቋም ግቢ ውስጥ በኃላፊነት ሲቀመጥ እንጂ ማንም በሚገባበት ጋራዥ ሲተከል አይደለም።

11. መደምደሚያና ቀጣይ ሥራ

ጥናቱ የጠመንጃ ጥገና ሞርሳ በአዋሽ ሰባት ኪሎ ብየዳ ቤቶች አቅም ሊሠራ እንደሚችል በስሌት አሳይቷል። ዋና ዋና መጠኖቹ 16 ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ 60 ሚሊ ሜትር ክብ እጀታ፣ 80 ሚሊ ሜትር መምሪያ፣ 40 ሚሊ ሜትር ከፍታ፣ 4 ሚሊ ሜትር ቆዳ የለበሰ የፕሮሶፒስ መንጋጋና ከጠረጴዛ ጋር የሚታሰር 700 በ250 ሚሊ ሜትር መሠረት ናቸው።

ቀጣዩ ሥራ ናሙና ሠርቶ መፈተሽ ነው። ፈተናው ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። የሰደፍ ቅርጽ ያለው እንጨት በመንጋጋው ታስሮ በገመድ ከአንድ የምንጭ ሚዛን ጋር ይያያዝና መንሸራተት እስኪጀምር ይሳባል፤ በመጀመሪያ በደረቅ ቆዳ፣ ቀጥሎ ዘይት በጠጣ ቆዳ። ደረቁ ከ200 ኒውተን በታች ከተንሸራተተ መምሪያው ወይም ልባሱ መታረም አለበት፤ ዘይት የጠጣውም ይህንኑ ቁጥር ሊያልፍ ይገባል። ከፈተናው በኋላ እንጨቱ ሲወጣ ጠባሳ ካለበት የላይኛው ገደብ ተጥሷል ማለት ነው። ሁለቱንም ፈተና ያለፈ ናሙና ብቻ ለአገልግሎት ይቅረብ።